ኖድ 16 እና ኖድ 22 አንድ ላፕቶፕ ላይ፤ ኤንቪኤም «ፕሪፊክስ» እያለ አስቸገረኝ

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው ያለሁት። ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሥራ ይዣለሁ፤ ሁለቱ ግን አብረው መኖር እምቢ ብለዋል።

አንዱ የአንድ ጨርቅ አከፋፋይ የዕቃ መመዝገቢያ ነው። ከኔ በፊት የነበረ ልጅ በዌብፓክ 4 (የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን አንድ ላይ በሚጠቀልለው መሣሪያ) ሠርቶት ሄዷል። የሚሄደው ኖድ 16 ላይ ነው (ኖድ ማለት ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው)። ሌላው እኔ ከዜሮ የጀመርኩት የትዕዛዝ መቀበያ ነው፣ በኖድ 22። ባለሱቁ ሁለቱንም ቶሎ ይፈልጋቸዋል። «ኮምፒውተር አይደለም እንዴ፣ ምን ያጣላዋል?» ነው የሚለኝ።

ኤንቪኤም (የኖድ ቨርዥን መቀያየሪያ) ጫንኩና ሁለቱንም ቨርዥን አወረድኩ። «ኤንቪኤም ዩዝ 16» ስለው ግን ሆም ፎልደርህ ውስጥ ያለው .ኤንፒኤምአርሲ ፋይል (የኖድ ፓኬጅ ጫኚው የኤንፒኤም ቅንብር የሚጻፍበት) «ፕሪፊክስ» ወይም «ግሎባልኮንፊግ» የሚል ቅንብር አለው፣ ከኔ ጋር አይስማማም አለኝ። ራሱ መፍትሔውን ጻፈልኝ፦ «ኤንቪኤም ዩዝ --ዲሊት-ፕሪፊክስ»፣ ከዚያ የቨርዥኑ ቁጥር። እንዳለው አደረግኩ፤ ጩኸቱ ቆመ።

ደስታው ግን አልቆየም። «ኖድ -ቪ» ስል 16.20.2 ይላል። «ኤንፒኤም -ቪ» ስል 10 ነጥብ ምናምን ይላል፣ ደግሞ ይሄ ኤንፒኤም ኖድ 16ን አይደግፍም የሚል ማስጠንቀቂያ ያክልበታል። መመዝገቢያውን በ«ኤንፒኤም ስታርት» ላስነሳው ስል ደግሞ «--ኦፕንኤስኤስኤል-ሌጋሲ-ፕሮቫይደር» የሚባል ነገር «ኖድ_ኦፕሽንስ» ውስጥ አይፈቀድም ብሎ ይቆማል። ወደ 22 ስመለስ አዲሱ ሥራዬ ምንም አይለኝም።

ቨርዥን በቀየርኩ ቁጥር ሌላ ስህተት ነው የሚወጣው። ከየት ልጀምር?

ሐረጎ

ወንድም፣ አትድከም። ላፕቶፑን ፎርማት አድርገህ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫን። እኔ እንደዚያ ነው የምገላገለው።

ቦርከና

ሐረጎ፣ ዳታውን አንተ ልትከፍልለት ነው? ኡቡንቱን አውርዶ፣ ኖዱን አውርዶ፣ የሁለት ፕሮጀክት ፓኬጅ አውርዶ፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶበት... ተው ባክህ። ደግሞ ፎርማት ያደረገ ሰው ችግሩ ምን እንደነበረ ሳያውቅ ነው የሚቀረው። ያንኑ መመሪያ ተከትሎ ያንኑ መስመር መልሶ ይጽፋል።

የጦሳ ልጅ፣ አብሽር። አንድ ችግር ይመስልሃል እንጂ ያለህ ሦስት ነው። አንዱን ራስህ ፈትተኸዋል። ኮምቦልቻ ሥራ ቦታዬ በዚሁ ነገር የማይመጣብኝ ሰው የለም፣ ስለዚህ ልተንትነው። ትዕዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ታስገባቸዋለህ።

ፕሪፊክሱ ከየት መጣ? ድሮ ኖድን በአፕት (በኡቡንቱ የራሱ መጫኛ) ጭነህ «ኤንፒኤም ኢንስቶል -ጂ» ስትል ፈቃድ የለህም ብሎህ ነበር፣ አይደል? በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ከመጫን ይልቅ ሆም ፎልደርህ ውስጥ .ኤንፒኤም-ግሎባል የሚል ፎልደር ክፈትና «ኤንፒኤም ኮንፊግ ሴት ፕሪፊክስ» ብለህ ወደዚያ አዙረው የሚል መመሪያ አለ። የኤንፒኤም የራሱ ሰነድም እንደ ሁለተኛ አማራጭ ይጠቅሰዋል። አንድ ኖድ ብቻ ላለው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ትዕዛዙ .ኤንፒኤምአርሲ ላይ አንዲት መስመር ይጽፋል፣ ሰውየውም ይረሳዋል።

ኤንቪኤም ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ቨርዥን .ኤንቪኤም/ቨርዥንስ/ኖድ ውስጥ የራሱን ጎጆ ይቀልስለታል። የራሱ ኖድ፣ የራሱ ኤንፒኤም፣ በግሎባል የተጫኑ የራሱ ፓኬጆች። ፕሪፊክስ ማለት «ጎጆው ብዙ ይሁን፣ ጓዳው ግን አንድ ነው» ማለት ነው። 22 ላይ የጫንከውን 16 ያየዋል፣ 16 ላይ ያጠፋኸው ከ22ም ይጠፋል። ኤንቪኤም የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ እልኸኛ ሆኖ አይደለም።

አሁን መስመሩ ከፋይሉ ወጥቷል። ያ መመሪያ ግን ሁለተኛ እርምጃ ነበረው፦ .ባሽአርሲ ወይም .ፕሮፋይል (ስትገባ ወይም ተርሚናል ስትከፍት የሚነበቡ ፋይሎች) ላይ .ኤንፒኤም-ግሎባል/ቢንን ፓዝ (ትዕዛዝ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) መጀመሪያ ላይ አስገባ ይላል። --ዲሊት-ፕሪፊክስ ያንን አይነካም። በዚያ ዘመን «ኤንፒኤም ኢንስቶል -ጂ ኤንፒኤም» ብለህ ከሆነ ኤንፒኤም 10 አሁንም እዚያ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ኖዱን ከኤንቪኤም ታገኛለህ፣ ኤንፒኤሙን ከድሮው ፎልደር። ኤንፒኤም 10 ቢያንስ ኖድ 18.17 ይፈልጋል። ከ16.20.2 ጋር የሚመጣው 8.19.4 ነው።

ይህን ጻፍ፦ «ታይፕ -ኤ ኤንፒኤም»። ያሉትን ኤንፒኤሞች በሙሉ በቅደም ተከተል ያወጣልሃል፤ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። ውጤቱን እዚህ ለጥፈው።

ሦስተኛውን ውጤቱን ሳይ እመለስበታለሁ።

የጦሳ ልጅ

ሦስት ወጣ፦

/ሆም/እኔ/.ኤንፒኤም-ግሎባል/ቢን/ኤንፒኤም
/ሆም/እኔ/.ኤንቪኤም/ቨርዥንስ/ኖድ/ቪ16.20.2/ቢን/ኤንፒኤም
/ዩኤስአር/ቢን/ኤንፒኤም

አንቺ ልጅ ጠንቋይ ነሽ እንዴ? .ባሽአርሲውን ስከፍተው እውነትም መጨረሻው ላይ ተቀምጣለች።

ቦርከና

ጥንቆላ አይደለም፣ ሁሉም ሰው የሚከተለው ያንኑ መመሪያ ነው።

መጨረሻው ላይ መሆኗ ነው ዋናው ነገር። .ባሽአርሲ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። ኤንቪኤም መጀመሪያ ገብቶ ፓዙ ፊት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ያቺ መስመር መጥታ ትቀድመዋለች። ከዚያ በኋላ «ኤንቪኤም ዩዝ» ብትል ኤንቪኤም ፓዙ ላይ የያዘውን ቦታ እዚያው ይቀይራል እንጂ ወደ ፊት አይዘልም። ለዚህ ነው ስንቴ ብትቀያይር ኤንፒኤሙ ንቅንቅ ያላለው።

መስመሯን አሁኑኑ አትሰርዛት፣ እንዳትነበብ ፊቷ ላይ የሃሽ ምልክት (#) አድርግባት። ተርሚናሉን ዝጋና አዲስ ክፈት። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለውን ተርሚናል የምትጠቀም ከሆነ ቪኤስ ኮድን ራሱን ሙሉ በሙሉ ዝጋው፤ ሲነሳ የወረሰውን አሮጌ ፓዝ ይዞ ነው የሚቆየው።

ሌላም ቦታ ይደበቃል። «ኤንቪ» ብለህ የሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኤንፒኤም_ኮንፊግ_ፕሪፊክስ» ወይም ባዶውን «ፕሪፊክስ» የሚል ካለ፣ ከ.ኤንፒኤምአርሲ ብትሰርዘውም ዋጋ የለውም። ማን ወዳስገባው ፋይል ሄደህ ማውጣት አለብህ። በጣም የምወደው ትዕዛዝ ደግሞ «ኤንፒኤም ኮንፊግ ሊስት» ነው። ሰው ቅንብሮቹን ብቻ አንብቦ ያልፋል። ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ በነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ (;) የምትጀምር መስመር አለች፤ ከስሯ ያለው ቅንብር ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የምትነግርህ እሷ ናት። «ዩዘር» ካለች የሆምህ ነው፣ «ፕሮጀክት» ካለች የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሌላ .ኤንፒኤምአርሲ አለ፣ «ኤንቪ» ካለች ከአካባቢ ተለዋዋጭ ነው። ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። የት እንደተጻፈ ሳታውቅ መሰረዝ መዶሻ ይዞ መዞር ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ .ኤንፒኤምአርሲን ጠቅላላ እንዳታጠፋው። የግል ፓኬጅ መግቢያ ቶከን እዚያ ሊኖር ይችላል። ቶከን ካለበት ደግሞ ፋይሉን እዚህ እንዳትለጥፈው።

ሐይቅ ዳር

ልጆች፣ ሦስተኛውን እኔ ልንካው። ተማሪዎቼ ላይ በየጊዜው የማየው ነው።

ኖድ ከ17 ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤል 3 (የምስጠራ ሥራ የሚሠራለት ክፍል) ይዞ መጣ። ዌብፓክ 4 ፋይሎቹን ሃሽ የሚያደርገው (መለያ አሻራ የሚሰጣቸው) በኤምዲ4 ነው፤ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ደግሞ ይህን አሮጌ ስልት በራሱ አይፈቅድም። ስለዚህ ዌብፓክ 4ን በአዲስ ኖድ የሚያስነሳ ሰው «ኤንቨሎፕ» እና «አንሰፖርትድ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ስህተት ብዙ ጊዜ ይገጥመዋል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ «--ኦፕንኤስኤስኤል-ሌጋሲ-ፕሮቫይደር» የሚለውን ያገኛል፣ ያስገባል፣ ይሠራለታል። ኖድ 16 ግን የሚጠቀመው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1ን ስለሆነ ይህን አማራጭ ከነጭራሹ አያውቀውም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ያልታወቀ ትዕዛዝ ነው።

አንድ ሰው ያንን ፕሮጀክት በአዲስ ኖድ ሊያስነሳው ሞክሮ ነበር ማለት ነው። ፓኬጅ.ጄሰንን ይክፈቱና «ስክሪፕትስ» ከሚለው ሥር «ስታርት»ን ይመልከቱ። እዚያ ከሌለ .ባሽአርሲ ላይ ይፈልጉ።

የጦሳ ልጅ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት «ስታርት» ላይ ነበረች። አውጥቻት በ16 አስነሳሁት፤ ተነሳ። የቦርከናንም አደረግኩ፣ ኤንፒኤም አሁን 8.19.4 ይላል።

ግን አዲስ ነገር መጣ። ቢክሪፕት የሚባለው የፓስወርድ ፓኬጅ በ«ሞጁል ቨርዥን» 127 ነው የተገነባው፣ እኔ የምፈልገው 93 ነው ይላል። 127 እና 93 ምን ማለት ናቸው?

ሐይቅ ዳር

93 ኖድ 16 ነው፣ 127 ኖድ 22 ነው። 108 ቢያዩ 18 ነው፣ 115 ደግሞ 20። እንደ ቢክሪፕት በሲ++ የተጻፈ ክፍል ያለው ፓኬጅ ለአንድ ቁጥር ተገንብቶ ብዙ ጊዜ ለሌላው አይሠራም። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ፣ ኖድ 16 ላይ ሆነው «ኤንፒኤም ሪቢልድ» ይበሉ። ጓዳው አንድ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ ቦርከና የነገረችዎት ይኸው ነው፣ እዚህ በፕሮጀክቱ ውስጥ ሆነ እንጂ።

አንድ ነገር ግን ለባለሱቁ ይንገሩት። የኖድ 16 ድጋፍ ያበቃው በመስከረም 2023፣ በፈረንጆቹ ነው። የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። መመዝገቢያው ሱቁ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለጊዜው ያልፋል፤ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጣው ካሰበ ግን ከኖድ 16 መውጣት የግድ ነው፣ ለዚህም ዌብፓኩን ወደ 5 ማሳደግ ይበጃል፣ ዋጋውንም አሁን ቢነጋገሩ ይሻላል።

ሐረጎ

እሺ፣ ፎርማቱን ትቻለሁ 😄። ኤንቪኤምን አጥፍቶ አስዲኤፍ ወይም ኤፍኤንኤም ቢጭንስ? ኤፍኤንኤም ፈጣን ነው ይላሉ።

ቦርከና

ፈጣን ነው፣ አልክድም። ኤንቪኤም የሼል (ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ስክሪፕት ስለሆነ ተርሚናል ሲከፈት ትንሽ ይጎተታል፤ ኤፍኤንኤም በረስት ነው የተጻፈው። ግን መስመሩ .ባሽአርሲ ላይ ቢቀር ኤፍኤንኤምም ያው ነበር የሚሆነው። መቀየር የፈለገ መጀመሪያ አሮጌውን ከ.ባሽአርሲ ያውጣ። ሁለት ማኔጀር አንድ ሼል ላይ ያየሁበት ሰው አለ፣ ከዚያ በኋላ እኔም ስልኬን ማንሳት ተውኩ።

ይልቅ የጦሳ ልጅ፣ ይህችን ጀባ ልበልህ። በየፕሮጀክቱ ፎልደር .ኤንቪኤምአርሲ የሚል ፋይል ፍጠርና ቁጥሩን ብቻ ጻፍበት፤ አንዱ ላይ 16፣ አንዱ ላይ 22። ከዚያ እዚያ ገብተህ «ኤንቪኤም ዩዝ» ብቻ ትላለህ፣ ቁጥሩን ራሱ ያነበዋል። በራሱ ግን አይቀይርም፣ ትዕዛዙን መጻፍህን አትርሳ። «ኤንቪኤም አሊያስ ዲፎልት 22» ካልክ አዲስ ተርሚናል ሁሉ በ22 ይጀምራል።

ባለሱቁ ጋ ሌላ ኡቡንቱ ካለ ደግሞ እንደገና አታውርድ። ኤንቪኤሙን እዚያ ጫንና .ኤንቪኤም/ቨርዥንስ/ኖድ ውስጥ ያለውን የ16.20.2 ፎልደር ታር በሚባለው ማሸጊያ ጠቅልለህ በፍላሽ ወስደህ እዚያው ቦታ ላይ ፍታው። ፕሮሰሰሩ ያው ዓይነት ከሆነ ይሠራል፤ ኤንቪኤምም በዝርዝሩ ያየዋል። ኔትወርክ ሲያንቀላፋ ሰው እንደዚህ ነው የሚኖረው።

የጦሳ ልጅ

ሁሉም ሠራ፣ ኑሩልኝ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ማታ የዕቃ ሪፖርት የሚያወጣ ስክሪፕት በክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) አስይዤ ነበር። በተርሚናል ሳስነሳው ጥሩ ነው። ክሮን ሲያስነሳው ግን «አንኤክስፔክትድ ቶክን» ብሎ የጥያቄ ምልክት ያሳየኛል። ስክሪፕቱ ውስጥ ሁለት የጥያቄ ምልክት አንድ ላይ የተጠቀምኩበት መስመር አለ፣ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቦርከና

ክሮን .ባሽአርሲህን አያነብም። ኤንቪኤም ደግሞ ሼሉ ውስጥ የሚጫን ፈንክሽን ነው፣ ክሮን መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ /ዩኤስአር/ቢን ውስጥ በአፕት የተጫነውን ኖድ ይዞ ይሄዳል። በኡቡንቱ 22.04 አፕት የሚሰጥህ ኖድ 12.22.9 ነው። ሁለቱ የጥያቄ ምልክት የገባው ከ14 ወዲህ ነው።

ክሮኑ ላይ «ኖድ» የሚለውን አውጥተህ ሙሉ መንገዱን ጻፍ፦ /ሆም/ስምህ/.ኤንቪኤም/ቨርዥንስ/ኖድ/ቪ16.20.2/ቢን/ኖድ። ያንን ቨርዥን አንድ ቀን ካጠፋኸው ክሮኑም አብሮ እንደሚቆም እወቅ።

የጦሳ ልጅ

ገባኝ። የአፕቱን ኖድ ላጥፋው ወይስ ይቀመጥ?

ቦርከና

መጀመሪያ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ -ኤስ ኖድጄኤስ» በል። ያቺ -ኤስ ምንም ሳታጠፋ፣ ቢጠፋ ኖሮ ምን አብሮ እንደሚሄድ ብቻ ነው የምታሳይህ። ከዝርዝሩ ውስጥ የማታውቀው ፕሮግራም ካለ ተወው፣ ይቀመጥ። ከኖድና ከኤንፒኤም ዘመዶቹ ሌላ ነገር ከሌለ ያለ -ኤስ ደግመህ አስወግደው።