ከትንሽ ድርጅት ወደ ትልቅ ኩባንያ መዛወር ምን ያስገኛል? ምንስ ያሳጣል?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሠራተኞቹ ሁሉ በስም በሚተዋወቁበት ትንሽ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ለበርካታ ዓመታት ሠርቻለሁ። ደረሰኝ ከመሰብሰብ ጀምሮ የደመወዝ መክፈያ እስከማዘጋጀት፣ የባንክ ሒሳብ ከማስታረቅ እስከ ዓመታዊው የሒሳብ መግለጫ ድረስ ያለውን ሥራ በአብዛኛው የምሠራው እኔ ነኝ፤ ችግር ሲገጥመኝም የባለቤቱን በር አንኳኩቼ ወዲያውኑ ውሳኔ አገኛለሁ። በቅርቡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት አንድ ኩባንያ የተሻለ ደመወዝ፣ የጤና መድንና የጡረታ መዋጮ ያለው የሥራ መደብ አቅርቦልኛል።

የደመወዙ ልዩነት ግልጽ ስለሆነ ስለ እርሱ አልጠይቅም። ለማወቅ የምፈልገው በቅጥር ደብዳቤው ላይ የማይሰፍረውን ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ፣ ከኃላፊ ጋር ያለው ግንኙነት፣ የዕድገት ዕድሉና የሥራ ዋስትናው በትልቅ ኩባንያ ውስጥ በእውነቱ ምን ይመስላሉ? ሁለቱንም ያየ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

በትልቅ ኩባንያ የፋይናንስ ክፍል ውስጥ የምሠራ፦

መጀመሪያ የሚያስተውሉት ለውጥ የሥራው መከፋፈል ይሆናል። ዛሬ እርስዎ ብቻዎን የሚሠሩት ሥራ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ለአምስትና ለስድስት ሰዎች የተከፋፈለ ነው፤ ለእርስዎ የሚደርስዎት ምናልባት የአቅራቢዎችን ክፍያ ማዘጋጀት ብቻ ወይም የቋሚ ንብረት መዝገብ መያዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚደረገው ሥራው ስለበዛ ብቻ አይደለም። ክፍያ የሚያጸድቀው፣ በመዝገብ የሚያሰፍረውና ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ሰው የተለያዩ እንዲሆኑ ሆን ተብሎ ይደረጋል። የአዲስ አቅራቢን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወደ መዝገቡ የሚያስገባ ሠራተኛ ለዚያው አቅራቢ ክፍያ እንዲያዝ የማይፈቀድለትም አንድ ሰው ብቻውን ማጭበርበርም ማጭበርበሩን መሸፈንም እንዳይችል ነው። በአሜሪካ የኤንሮንና የዎርልድኮም ኩባንያዎች የሒሳብ ማጭበርበር ከተጋለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ፣ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች አመራሮች የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓታቸውን በየዓመቱ እንዲገመግሙ ያስገድዳል። ከዚያ ወዲህ በየደረጃው የሚጠየቀው ፊርማ በርክቷል።

ይህ አሠራር እንደሚያዘገይ አልክድም። በትንሽ ድርጅት በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ ጉዳይ እዚህ ቅጽ ተሞልቶ፣ በሁለት ኃላፊዎች ታይቶ፣ አንደኛው ዕረፍት ላይ ከሆነ ደግሞ ውክልና ያለው ሰው ተፈልጎ ነው የሚያልቀው። ሆኖም እኔ ጥቅሙን አስበልጣለሁ። ገንዘብ ሲጎድል ማን ምን እንዳደረገ ከመዝገቡ ይታያል፤ በትንሽ ድርጅት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ የሚያልፍ በመሆኑ ጥርጣሬው የሚያርፈው በዚያ ሰው ላይ ነው፣ ንጹሕነቱንም የሚያረጋግጥበት ሰነድ ብዙ ጊዜ አይኖረውም። በተጨማሪም ኃላፊዎ ሕገ ወጥ የሆነ ነገር እንዲሠሩ ቢያዝዎት፣ የውስጥ ኦዲት ክፍልና መመሪያ ባለበት ቤት እምቢ ለማለት የሚደገፉበት ነገር አለዎት።

ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። በአንድ ጠባብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ የሒሳብ ሠራተኛ ያንን ሥራ በጥልቀት ያውቃል፤ የሒሳብ መግለጫውን ሙሉ ሥዕል ግን እየረሳው ይሄዳል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሠራተኞች ከአንዱ የሒሳብ ክፍል ወደ ሌላው የሚዘዋወሩበት አሠራር መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። መልሱ “እንደ ሁኔታው” የሚል ከሆነ የለም ማለት ነው ብለው ይውሰዱት።

ሁለቱንም አይቼ ወደ ትንሽ ድርጅት የተመለስኩ፦

ከላይ የተጻፈው ስለ ገንዘብ ቁጥጥር እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰው ጉዳይ በፊርማ ብዛት ፍትሐዊ አይሆንም። በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ዕጣዎን የሚወስነው የቅርብ ኃላፊዎ ነው። ስለ እርስዎ የሚጽፈው የሥራ አፈጻጸም ምዘና እርስዎን አይተው በማያውቁ ሰዎች ፊት ቀርቦ የደመወዝ ጭማሪዎንና ዕድገትዎን ይወስናል። በትንሽ ድርጅት ባለቤቱ ሥራዎን በዓይኑ ያያል፤ ሊበድልዎትም ሊያዳላም ይችላል፣ ቢያንስ ግን የሚፈርደው ባየው ነገር ነው።

ምዘናው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። አንዳንድ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን እርስ በርሳቸው አወዳድረው አስቀድሞ በተወሰነ መቶኛ ይደለድሏቸዋል። ይህን አሠራር ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2001 ጄኔራል ኤሌክትሪክን የመራው ጃክ ዌልች ነው፤ በእርሱ አመራር ሠራተኞች 20 በመቶ ምርጥ፣ 70 በመቶ መካከለኛ፣ 10 በመቶ ደካማ ተብለው ይመደቡ ነበር፣ ከታች የተመደቡትም ይሰናበቱ ነበር። ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ አሠራር ለዓመታት ሲጠቀም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ተወው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠውን ባልደረባ መርዳት ራስን መጉዳት ይሆናል፤ ጎበዞች በተሰበሰቡበት ቡድን ውስጥ መሥራትም ያስፈራል፣ ምክንያቱም ከጎበዞች መካከል እንኳ አንዱ የግድ ደካማ መባል አለበት።

ዕድገትን በተመለከተም አትታለሉ። የሥራ ደረጃው ብዙ ስለሆነ መሰላሉ ረጅም ነው፤ የሚያወጣው ግን ሁልጊዜ ወደሚሆንልዎት ቦታ አይደለም። በ214 የአሜሪካ ድርጅቶች የሚሠሩ የሽያጭ ሠራተኞችን መረጃ የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዳገኙት፣ ድርጅቶቹ ወደ ኃላፊነት የሚያሳድጉት ከፍተኛ ሽያጭ ያስመዘገበውን ሰው ሲሆን፣ እንዲህ ያሉት ኃላፊዎች ሲመሩት የቡድናቸው ውጤት ዝቅ ይል ነበር። በጥሩ ባለሙያነቱ ተሹሞ፣ ሙያውን ትቶ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለስ የሚውል ሰው በየቢሮው አለ። እኔ ትልቁን ኩባንያ የለቀቅሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ይሰማዋል ግን አልልም።

በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራሁ፦

ጠያቂያችን ስለ ደመወዙ አልጠይቅም ብለዋል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተመሳሳይ ችሎታ ላለው ሰው ትላልቅ ድርጅቶች ከትንንሾቹ የተሻለ እንደሚከፍሉ ቻርለስ ብራውንና ጄምስ ሜዶፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። እውነታው ይህ ቢሆንም፣ በትልቅ ኩባንያ እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ የራሱ ዝቅተኛና ከፍተኛ የደመወዝ ወሰን አለው፤ ዓመታዊ ጭማሪው ደግሞ ከነበረው ደመወዝ ላይ በመቶኛ ስለሚሰላ፣ ሲገቡ በዝቅተኛው ወሰን ላይ የተቀጠረ ሰው ልዩነቱን ለረጅም ጊዜ ይሸከመዋል። የመደራደር አቅምዎ ከፍተኛ የሚሆነው ከመፈረምዎ በፊት ነው። የቀረበልዎት ደመወዝ ከወሰኑ የት ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ሥራ ዋስትናም እንዲሁ። ትልቅ ኩባንያ በአንድ ደንበኛ መጥፋት አይዘጋም፤ ክፉ ወርም ደመወዝ ሳያስተጓጉል ያልፋል። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ግን ውሳኔው የሚወሰነው በዋናው መሥሪያ ቤት፣ በሰንጠረዥ ላይ ሲሆን፣ የሚሰረዘው የሥራ መደቡ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ከመደቡ ጋር አብሮ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ስም ዝርዝሩ ሲደርሰን የክፍሉ ኃላፊ ራሱ የሰማው ከእኛ ጋር እኩል ነበር።

አክሲዮን ከጥቅማ ጥቅሙ ውስጥ ካለበት ደግሞ ሙሉ ቁጠባዎን በዚያው እንዳያደርጉ። ኤንሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 የኪሳራ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ የጡረታ ቁጠባቸው በአብዛኛው በኩባንያው አክሲዮን የነበረ ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውንም ቁጠባቸውንም በአንድ ጊዜ አጥተዋል። “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” የሚባለው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካነበብኩት ውስጥ ያሳሰበኝ የሥራው መጥበብ ነው። የቀረበልኝ መደብ የአቅራቢዎች ክፍያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሥራ ዝርዝሩም እያንዳንዱን እርምጃ፣ በየትኛው ሰዓት ምን ተጠናቅቆ መላክ እንዳለበት ጭምር ይደነግጋል። አሁን ባለሁበት ቦታ ሥራው ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም አመሻለሁ፤ ነገር ግን ምን ከምን እንደሚቀድም የምወስነው ራሴ ነኝ። ይህን ያህል ለውጥ ሰው ይለምደዋል?

በትልቅ ኩባንያ የፋይናንስ ክፍል ውስጥ የምሠራ፦

ይለምዱታል፤ ሁሉም ሰው ግን ያለ ዋጋ አይለምደውም። ስለዚህ ጉዳይ ከማውቀው ሁሉ ክብደት የምሰጠው በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለተደረጉት የኋይትሆል ጥናቶች ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ በዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉት ወንዶች በልብ ሕመም የመሞታቸው ዕድል ከከፍተኞቹ እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ደግሞ በሥራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣናቸው አነስተኛ የሆነ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አገኘ። ተጠኚዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ በደረጃ የተደራጀ ትልቅ መሥሪያ ቤት ግን ባለቤቱ ማንም ቢሆን በዚህ ረገድ ይመሳሰላል። የሚያደክመው የሥራ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ፣ የመወሰን ነፃነት ማጣት ሲጨመርበት ግን እንደሚከብድ ከእርስዎ ጥያቄም ይታያል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተው ኃላፊዎ ሊሆን የሚችለውን ሰው ያነጋግሩ። የክፍያ መርሐ ግብሩን ማን እንደሚያወጣው፣ ስሕተት ያገኘ ሠራተኛ ክፍያውን ራሱ ማቆም ይችል እንደሆነ፣ የአሠራር ማሻሻያ ያቀረበ ሠራተኛ ኖሮ ሐሳቡ የት እንደደረሰ ይጠይቁት። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ምሳሌ መጥቀስ ካልቻለ መደቡ በወረቀቱ ላይ እንደሚታየው ጠባብ ነው።

ሁለቱንም አይቼ ወደ ትንሽ ድርጅት የተመለስኩ፦

በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ከኃላፊው ሌላ በዚያው ክፍል የሚሠራ አንድ ተራ ሠራተኛ እንዲያነጋግሩ ነው። ያለፈውን ዓመት ምዘና ውጤት ከመሰጠቱ በፊት ያውቅ እንደነበር፣ ወይስ ደብዳቤው ሲደርሰው እንደደነገጠ ይጠይቁት። በዓመት ውስጥ ከኃላፊው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ሠራተኛ በውጤቱ አይደነግጥም።

ጠያቂ፦

የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የደመወዝ ወሰኑን፣ የመዘዋወሩን አሠራርና የማሻሻያ ሐሳቡን ጉዳይ በዚሁ ቅደም ተከተል አነሣለሁ፤ ከክፍሉ ሠራተኛ ጋር እንዲያገናኙኝም እጠይቃለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ባለሁበት እቆያለሁ።

በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራሁ፦

ከሠራተኛ ጋር ለመገናኘት የሚያቀርቡት ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል ከተነገረ ይረሳል። የሙከራ ጊዜው ስንት ወር እንደሆነና በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሉ ቢቋረጥ ምን ያህል የማስጠንቀቂያ ጊዜ እንዳለዎትም ሳይረዱ ከአሁኑ ሥራዎ አይልቀቁ።