ጥቆማ፦ ወሎ ውስጥ የድሮ የጦር ሜዳ ቆብ የት ይገኛል? ማንስ ያድሰዋል?

አብሽሩ ወገኖች። ሰሞኑን ሦስት ሰው «ደሴ አካባቢ የጣልያን ጊዜ የብረት ቆብ ከየት ላግኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚሁ ልዘርግፈው።

ደሴ ላይ ከሱቅ ሁሉ የምመርጠው ቆራሌውን ነው። የመጀመሪያ ቆቤን ያገኘሁት ሸዋ በር በኩል፣ ከአንድ ልጅ ጆንያ ውስጥ፣ ከፌሮ ቁርጥራጭና ከተቀደደ ድስት ሥር ነው። ቆራሌው ሒሳቡ በኪሎ ነው። ካልቀደማችሁ ዕቃው ማቅለጫ ይገባል። ስለዚህ ስልካችሁን ስጡት፣ ከኪሎው ዋጋ ከፍ አድርጉለት፣ «ጎድጓዳ ብረት ስታገኝ ደውል» በሉት። ጉድለቱ፣ ዕቃው ከማን ቤት እንደወጣ አይነግራችሁም።

ባቲ ሰኞ ገበያ? ለቆብ ብላችሁ አትድከሙ። ሦስት ሰኞ ተመላልሼ ያገኘሁት አንድ ኮዳ ነው። ግመሉን ለማየት ከሆነ ግን ሂዱ።

አዲስ አበባ ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ንጹሕ ዕቃ አላቸው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። አንዱ ሻጭ የብረት ቆብ ይዞ «የአድዋ ነው» አለኝ። አድዋ 1888 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን የብረት ቆባቸውን፣ አድሪያንን፣ ለወታደር ያደሉት በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። ደግሞ የጣልያኑ የብረት ቆብ፣ ሞዴል 33፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ስታዩ «ይሄ በእርግጥ እዚህ ተዋግቷል?» በሉ።

ሁሉንም የሚያስከነዳው ሰው ቤት ነው። ኩታበር አንዲት እናት ደጅ ዶሮዎች ከአንድ ሰፊ ከንፈር ካለው ጎድጓዳ ብረት ውሃ ይጠጣሉ። «እመት፣ ልየው?» ብዬ ውሃውን ደፋሁት። ዝገቱን በጣቴ ስጠርገው በስተኋላ ከንፈሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ ተደርድሯል። እሳቸው የጥይት ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ጥይት እንዲህ በልክ አይደረደርም! የደቡብ አፍሪካ ሥራ የሆነው ማርክ 2 (የእንግሊዞች ዓይነት የብረት ቆብ) ምልክቱ ይሄ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የአንገት መከለያ ጨርቅ ማሰሪያ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ጦር በኮምቦልቻ በኩል ጣልያንን ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ይዟል። እመትም «አማቼ ከኮምቦልቻ ነው ያመጡት» አሉኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው «ዶሮዎቹስ በምን ይጠጡ?» አሉ። ከገንዘቡ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ጨምሬ ተስማማን። ያሉኝን በሙሉ በስልኬ ቀድቻለሁ። እናንተም ከዋጋው በፊት ወሬውን ጠይቁ።

ሌሎቹን ለመለየት ያህል፦ ሞዴል 33 ከንፈር የለውም ማለት ይቻላል፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳው ሦስት ነው፣ ግራ፣ ቀኝና ኋላ። ብዙው ሶላቶ ግን በ1928 ዓ.ም. የመጣው በካኪ የተለበጠ የቡሽ ባርኔጣ አድርጎ ነው፤ እሱን ምስጥና ዝናብ ስለጨረሱት ደህናውን ማግኘት ከባድ ነው። የአሜሪካው ኤም 1 ከሆነ የጠርዙን መጋጠሚያ እዩ። ፊት ለፊት ከሆነ የቆየው ነው፤ ከ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ወደ ኋላ ዞሯል። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮርያ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ኤም 1 ነው።

እድሳት ላይ እኔ ተቃጥያለሁ። አንድ ጋራዥ ሞዴል 33ቴን «ዝገቱን ብቻ አንሳልኝ» ብዬ ሰጠሁት። በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ገፎ፣ የግቢ በር አረንጓዴ ቀብቶ መለሰልኝ። የሰማንያ ዓመት ቀለም በአንድ ከሰዓት! ልጁ ደግሞ ጉርሻ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ራሴ ነኝ። ብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ላምባ በጨርቅ ነክሮ ቀስ እያሉ ማሸት፣ ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት። ቫዝሊንም ሞክሬያለሁ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ዘይቱ ይሻላል። የውስጡን ቆዳ ግን ዘይትም ላምባም አታስነኩት። የተተረተረ ካለ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱት፤ ደሴ ፒያሳ ያሉት ሽማግሌ ሰፊዎች በእጅ፣ በድሮው ቀዳዳ በኩል ይሰፉታል። ወጣቶቹ ቶሎ ወደ ማስቲሽ ይሮጣሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የአንበሳ ጎፈር ወይም የመኳንንት ዕቃ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የአሁኑን የመከላከያ መለዮ ደግሞ ጨርሶ አትንኩ።

እኔ አሁን የምፈልገው የአስካሪ (ለጣልያን የተሰለፈ ያገሬው ተወላጅ ወታደር) ታርቡሽ፣ ማለት ቀዩን ረጅም ቆብ፣ ከነጉንጉኑ ነው። የጉንጉኑ ቀለም ሻለቃውን ስለሚለይ፣ ያለሱ ቀይ ቆብ ብቻ ነው። ብል የበላው ቢሆንም ግድ የለኝም፤ በላስቲክ አሽጌ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ብሉን እገድለዋለሁ። ቤተሰቡ ቢያፍርበት እንኳ ስም አላነሳም። ወረባቦም ሆነ ተንታ ያየ ሰው ይጠቁመኝ።