ጥቆማ፡ የፊደል ካርድና ወርክሺት በራሳችሁ ዲዛይን ማድረግ መልመድ ለምትፈልጉ ቲቸሮች

ሰላም ቲቸሮች፣ በምን እንጀምር ያላችሁኝ ስለበዛችሁ አንድ ላይ ልመልስ። አዲስ አበባ 1ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ኮምፒዩተር ብዙ ካልነካካችሁ በፓወርፖይንት ጀምሩ። ስላይድ ሳይዙን ኤፎር (21 በ29.7 ሴንቲ) አድርጉት፣ ከዛ ሳጥን መሳል፣ ስዕል ማስገባት፣ ኮፒ እያደረጉ ማባዛት፣ በቃ። ኢንተርኔት አይፈልግም። ወርድን ለዚህ ስራ አልመክርም፣ አንዷን ስዕል ነካ ስታደርጉ ገፁ በሙሉ ይተራመሳል።

ካንቫ (ኢንተርኔት ላይ የሚሰራ የዲዛይን ፕሮግራም) ለመማር አሪፍ ነው፣ ሰው የሰራውን ቴምፕሌት ከፍታችሁ የፊደሉን መጠን፣ ክፍተቱን፣ የቀለሙን አመራረጥ እያያችሁ ትለምዳላችሁ፣ ካንቫ ፎር ኤዱኬሽን የሚባለው ደግሞ ለአስተማሪ ነፃ ነው፣ አስተማሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ችግሩ ኮኔክሽን ይፈልጋል፣ ያ የሚያምረው የእንግሊዝኛ ፎንትም (የፊደሉ ቅርፅ ማለት ነው) አማርኛ ስትፅፉበት ወደ ተራ ፎንት ይቀየርባችኋል። ትንሽ የተረት መፅሐፍ ለመስራት ብሉምን ሞክሩ፣ ኤስአይኤል የሚባል በቋንቋዎች ላይ የሚሰራ ድርጅት ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ የትኛው ገፅ ከየትኛው ጀርባ ይታተም ብላችሁ ሳትጨነቁ ገፁን ለሚታጠፍ ቡክሌት ራሱ ያቀናጅላችኋል።

ግን በናታችሁ ከፕሮግራሙ በላይ ፎንቱ ላይ ጊዜ አጥፉ። የመጀመሪያ ካርዶቼን የሰራሁት በወፍራም ፎንት ነበር፣ ስክሪን ላይ አንጀት ያርስ ነበር፣ አሳንሼ ሳሳትመው «ቁ» እና «ቂ» አልለይ አሉ። ልዩነታቸው እኮ በቀኝ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ላይ፣ ያ ብቻ ነው፣ ፎንቱ ሲወፍር እሷ ትዋጣለች። አንዷ ተማሪዬ ሁለቱን ካርድ ይዛ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሰች ዝም ስትል አንጀቴን በላችው። አሁን ለካርድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለሚነበብ ታሪክ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው የምጠቀመው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ህትመት ላይ፣ ለትንሽ ብዛት 4 ኪሎ አካባቢ ያሉት ኮፒ ቤቶች ይሻሉኛል፣ ወረቀትና የላሚኔሽን ፕላስቲክ በብዛት ከሆነ መርካቶ ውረዱ። ፋይሉን ሁሌም ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። አንድ ቤት ፎንቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ስላልነበረ ፊደሌ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጥቶብኛል። ሌዘር ፕሪንት ለልጅ እጅ ይሻላል፣ የተለመደው የኢንክጄት ቀለም እርጥብ እጅ ሲነካው ይፈሳል። ለካርድ ተራው 80 ግራም ወረቀት ይታጠፋል፣ ከ160 በላይ ጠይቁ። ላሚኔት ስታደርጉ ካርዱን አስቀድማችሁ ቁረጡት፣ ከዛ ዙሪያውን ትንሽ ፕላስቲክ አስተርፋችሁ ድጋሚ ቁረጡ፣ አለበለዚያ ጠርዙ ተከፍቶ ውሃ ይገባል። እና ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ገፅ ብቻ አሳትማችሁ ለአንድ ልጅ ስጡትና እዩ!

«የከለር ፕሪንት አቅማችን አይችልም» ላላችሁኝ የክፍለ ሀገር ቲቸሮች፦ ከመጀመሪያው ለጥቁርና ነጭ ዲዛይን አድርጉት። ግራጫ ሙሌት አትጠቀሙ፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቆሻሻ ይመስላል፣ መስመሩ ወፈር ያለ ውስጡ ባዶ ስዕል ይሁን፣ ቀለሙን ልጆቹ ይቀቡታል፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀቡት። ለግድግዳ ከሆነ ባነር ቢታተም ይታጠባል ግን ይወደዳል፣ ነጭ ማዳበሪያ ላይ በማርከር የተፃፈ የፊደል ገበታ ምንም አያንሰውም። ካርዱን ደግሞ በአንድ ኤፎር 8 ካደረጋችሁ 231ዱም ፊደል 29 ወረቀት ላይ ያልቃል፣ የመጨረሻው ላይ የምትተርፈውን አንድ ቦታ እኔ የልጁን ስም እፅፍባታለሁ።