የድሮ ስፒከር ሳጥን፦ ከማጠናከሪያው በኋላ ባሱ ለምን ከሳ?

ባለ 10 ኢንች ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)፣ 50 ሊትር የድሮ ሳጥን ነው። ባሱን የሚያግዘው የአየር ቱቦ ዲያሜትር 7.5፣ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር፤ በስሌት ወደ 39 ኸርዝ የተቃኘ። ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ የእንጨት ማገር ገባለት። ማገሩ የወሰደው 2 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቅኝቱን እምብዛም አያዛባም። ውስጡ በፖሊስተር ጥጥ ሲሞላ ግን ባሱ ክፉኛ ከሳ። በኢምፒዳንስ (ስፒከሩ በየፍሪኩዌንሲው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ልኬት ላይ ከነበሩት ሁለት ከፍታዎች የታችኛው ጠፍጣፋ ሆኗል። ስለዚህ ወይ ፖሊስተሩ የቱቦውን የውስጥ አፍ አንቆታል፣ ወይ በዉፈሩ ጠርዝ አየር ያፈተልካል።

ፖሊስተሩን ሳላወጣ ሁለቱን እንዴት ልለይ? ከቱቦው አፍስ ስንት ሴንቲ ሜትር ላርቀው?

ሌላው፦ በክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለየስፒከሩ በሚከፋፍለው ሰርኪዩት) ውስጥ ያረጁት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በፖሊፕሮፒሊን ሲተኩ ትዊተሩ (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩ) ጮኸ፤ የአዲሶቹ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አነስተኛ ስለሆነ ይመስለኛል። ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 0.5 ኦም ሬዚስተር ማስገባት ይበቃል? እባካችሁ፣ የሞከራችሁት ካላችሁ ልኬቱን ጻፉልኝ።