ቅሬያችን ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ?

የቅሬው ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የደሴ ቅሬያችን (እድራችን) አባላት። እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመጨቃጨቃችን በፊት እዚህ እንነጋገርበት ብዬ ነው። አንድ አባላችንን መጠጥ አሸንፎታል። ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ባለቤቱ ቅሬው ገንዘብ አበድሯት አዲስ አበባ ማገገሚያ ይግባልኝ ብላ ጠይቃለች። እሱ ራሱ ገና አልወሰነም። አንድ ቀን "እገባለሁ" ይላል። በማግስቱ "አብጃለሁ እንዴ?" ይላል። ስሙ ሳይጠቀስ ጉዳዩ እንዲነሳ ሁለቱም ፈቅደዋል። ማን እንደሆነ የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ እዚህ አትጻፉት።

ደንባችን የሚያውቀው ቀብርና ሐዘን ነው። ስለ ሕክምና ብድር አንድ መስመር የለውም። የእኔ አቋም እናበድረው ነው። አባል ሲሞት ድንኳን የምንተክልበት ገንዘብ ካለን፣ በሕይወት እያለ የሚታከምበት አይጠፋም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እይዛለሁ። እሺ ማለት ያለበት እሱ ነው። ሚስቱም ወንድሞቹም እኛም ተሰብስበን ልንከተው አይገባም።

የገራዶው፦
ጸሐፊያችን ልበ ቀና ነህ፣ እናውቅሃለን። እኔ ግን አልስማማም። ይህ ገንዘብ የመበለቶችና የጡረተኞች መዋጮ ነው። በ2014 ጦርነት ጊዜ ስንት ሰው ቀብረን፣ ስንት ቤተሰብ ደግፈን ካዝናችን ባዶ እንደነበር ረሳችሁ? ገና አሁን ነው ትንሽ ያገገምነው። ዛሬ ለአረቄ ካወጣን ነገ የጫት ሱሰኛው ይመጣል። ከነገ ወዲያ የቁማርተኛው ሚስት ትመጣለች። ማንን ከማን እንለያለን?

ደግሞስ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ታክሞ፣ ተመልሶ የሚመጣው እዚያው አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሰው ከቆረጠ ይተዋል። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣ ኖሮ በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ተወው። አንድ ሳምንት ቤት ተቆልፎበት አለቀ፣ ደቀቀ፣ ዳነ። ሳንቲም አላወጣንበትም።

ነርሷ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ጋሼ፣ አጎትዎ በመትረፋቸው ደስ ይለኛል። ግን ይህን ምክር አንብቦ ዛሬ ማታ ወንድሙን ክፍል ውስጥ የሚቆልፍ ሰው እንዳይኖር ስለምፈራ ዘለግ አድርጌ እጽፋለሁ። ታገሱኝ።

ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ከአልኮሉ ጋር ተላምዷል። አንጎሉ የአልኮሉን ማደንዘዣ ለመቋቋም ራሱን አንቅቶ ነው የሚኖረው። አልኮሉ በድንገት ሲቀር ያ ንቃት ያለ ልጓም ይቀራል። ካቆመ 6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሲያልፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ቤተሰቡን አይለይም፣ ትኩሳቱ ይጨምራል። ይህ ሳይታከም ቀርቶ የሚሞት ሰው አለ። ቤተሰብ "ሰይጣን ያዘው" ብሎ ሲያስረው አይቻለሁ። የያዘው ግን መጠጡን በድንገት ማቆሙ ነው።

ሐኪም ቤት ሲሆን ዲያዜፓም ወይም መሰል መድኃኒት በልኩ ተሰጥቶት ቀስ በቀስ ይቀነስለታል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል። ጠጪ ምግብ ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን በጣም ያንሰዋል፣ እጥረቱ አንጎልን ለዘለቄታው ይጎዳል። ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ማንጠልጠል ራሱ አደጋ አለው። ብዙ ሰው "ደክሞታል፣ ግሉኮስ ስጡልኝ" ብሎ ወደ ሰፈር ክሊኒክ ስለሚወስድ ነው ይህን የምጠቅሰው። ይህ የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኛው በ1 ሳምንት ያልፋል።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። የሚጠጣ ሁሉ ተኝቶ መታከም የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ። ውጤቱ ከ40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አጠጣጡ ለጉዳት ያጋልጣል ማለት ነው። 20 ሲደርስ ሱስ ይጠረጠራል፣ በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ሰው፣ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋለት፣ ሌላ በሽታ ያለበት፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው የሌለው፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ እነዚህ ተኝተው ቢታከሙ ይሻላል። ሌላው እየተመላለሰ ሊታከም ይችላል።

ስለዚህ እኔ የማንም ወገን አይደለሁም። ማገገሚያ ከመባሉ በፊት እዚሁ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ። ሐኪሙ ይወስን፣ ሪፈር ይጻፍ። ከዚያ ስለ ብር እናውራ።

የሸዋ በር እናት፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ። ጠበል የት ሄደ? የእኔ ልጅ የዳነው በጠበል ነው። ግሸን ማርያም ስለት ተስሎ፣ ሱባዔ ይዞ፣ ዛሬ አረቄ ሲሸተው ፊቱን ያዞራል። እግዚአብሔር ያልፈታውን ሐኪም አይፈታውም።

የሰንበት ተማሪ፦
እማማ፣ እውነትዎን ነው። ጠበል ቦታ የሚገኘው ነገር ቀላል አይደለም። ከአረቄ ቤቱ መራቅ አለ፣ ጸሎት አለ፣ ከሌሎች ጋር አብሮ መታገል አለ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጠጪውን ሐኪም ይየው። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ዛሬ አቁሞ ነገ ምግብ ሳይቀምስ በብርድ ውሃ ሱባዔ ቢጀምር ነርሷ የነገረችን አደጋ እዚያው ይደርስበታል። በኤችአይቪ ጊዜ መድኃኒቱን ጥለው ጠበል ብቻ የሚሉ ብዙ ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ ናቸው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ተጠመቁ ብለው ያስተማሩት። ለዚህስ ለምን አይሆንም?

የሸዋ በር እናት፦
እንዲያ ከሆነ እሺ። ሐኪሙ ይየውና ይሂድ። ግን ጠበሉን አትንቁብኝ።

ሀጂ፣ ከአራዳ፦
ያ ጀማ፣ እስካሁን ዝም ያልኩት ጥያቄው ወደ እኛም እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ቅሬያችን የሁላችንም ነው፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም። አንዳንድ ወንድሞች በውስጥ ጽፈውልኝ "የእኔ መዋጮ ለጠጪ ሊውል ነው? ሐራም አይሆንም ወይ?" ብለዋል። መልሴን እዚህ ልስጥ። ሐራሙ መጠጡ ነው። ሰውዬውን ከመጠጡ ማውጣት ግን ምንዳ ነው። አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ተምረን ነው ያደግነው።

ሌላም ልጨምር። ከእኛም መካከል ተደብቆ የሚጠጣ አለ። ክርስቲያኑ ቢያንስ "ቀንስ" የሚለው ጓደኛ አለው። የእኛው ልጅ ሐፍረቱ እጥፍ ስለሆነ ለማንም አይናገርም። ይህ ቅሬ በር ከከፈተ እሱም ይመጣል። እኔ እደግፋለሁ።

ስሜን አልጽፍም፣ ከኮምቦልቻ፦
የደሴ ቅሬ አባል ነኝ፣ ሥራዬ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው። የምትከራከሩበት ሰው እኔ አይደለሁም። ሆኖም እኔም እጠጣለሁ። ጠዋት ወደ ሰርቪስ ከመሄዴ በፊት አንድ መለኪያ ካልወሰድኩ እጄ ቁልፍ አይጨብጥም።

ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምታወሩት። እኔን ከመግባት ያገደኝ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራዬ ነው። ለወር ያህል ብጠፋ ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል። ሁለተኛው ስሙ ነው። "አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገባ" ከተባልኩ ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቅ ቤተሰብ ወደ ኋላ ይላል። ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። ገብቼ ባልድንስ? አሁን "ብፈልግ እተወዋለሁ" እያልኩ እኖራለሁ። ገብቼ ካቃተኝ ይህችም ቃል ትቀርብኛለች። ጋሼ የገራዶው "ሰው ከቆረጠ ይተዋል" ሲሉ ልክ ይህን ነው የነኩብኝ። በየሌሊቱ እቆርጣለሁ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል።

በቢሮ ሥራ የምተዳደር፦
ወንድሜ አብሽር። ስለ ሥራህ የማውቀውን ልንገርህ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከታመመ የሕመም ፈቃድ አለው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ግን ማቅረብ አለብህ። ሳትናገር ከጠፋህ ያለ ፈቃድ የቀረህ ነው የሚመስለው፣ ያኔ ሊያባርሩህ ይችላሉ። ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትንም ያው አዋጅ ይከለክላል። ስለዚህ ለሥራህ አደጋው ታክመህ መመለስህ ሳይሆን አሁን ያለህበት ሁኔታ ነው። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ።

የመናፈሻ ልጅ፦
ሥሩን እንንቀል እንጂ። በየቅያሱ አረቄ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ይጠመቃል። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ማን ያስከብረዋል?

የቅሬው ጸሐፊ፦
ትክክል ነህ፣ ግን ለእሁድ አጀንዳ አናድርገው። እዚህ ያለነው አንድ ሰው ላይ ለመወሰን ነው።

ገብቼ የወጣሁ፦
ኮምቦልቻ ላለኸው ወንድሜ መጻፍ ፈልጌ ነው። እኔም ያንተን ሦስተኛ ፍርሃት ይዤ ነው የገባሁት። አዲስ አበባ አማኑኤልም ጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና አላቸው፣ የግል ማገገሚያዎችም አሉ። የገባሁበትን ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሳምንት የሰውነት ጉዳይ ነው፣ ነርሷ እንዳለችው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ነው። ለብቻ ከባለሙያ ጋር፣ በቡድን ከሌሎች ጋር። መቼ ነው የምጠጣው? ስናደድ? ደመወዝ ሲወጣ? ከማን ጋር ስቀመጥ? ራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። ስወጣ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንስ መድኃኒትም ሰጥተውኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። የወደቅኩት አረቄ ቤት አይደለም። ተዝካር ላይ ነው። ጠላ ቀረበ፣ "አንድ ብርጭቆ ምን ያደርግሃል፣ የሟችን ጠበል ጠዲቅ አትናቅ" ተባልኩ። ያስገደዱኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ሐኪሜ ግን አላባረረኝም፣ እንደገና ጀመርን። መውደቅ የዚህ በሽታ አንዱ ጠባይ ነው አለኝ። አሁን ደህና ነኝ።

ስለዚህ ጋሼ የገራዶው በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ከዚህ ግን "አይሂድ" የሚል አይወጣም። ቅሬው ገንዘቡን አበድሮ ኃላፊነቴን ጨረስኩ እንዳይል ነው የሚወጣው። በቅሬው ዝግጅት ሁሉ ለስላሳና ውሃ እኩል ይቅረብ። "አልጠጣም" ላለ ሰው ሁለተኛ እንዳይጠየቅ በደንባችን ይጻፍ። ይህ ሳንቲም አያስወጣም። ለእኔ ከብድሩ ይበልጥብኛል።

የገራዶው፦
አነበብኩት። ኮምቦልቻ ላለኸው ልጅ፣ አስቀይሜህ ከሆነ ክፉ አስቤ አይደለም። ሰው ቤት የመቆለፉን ምክር ትቻለሁ፣ ነርሷ አሳምናኛለች። በብሩ ላይ ግን እንዳለሁ ነኝ። የሐኪም ወረቀት ሳይኖር እጄን አላወጣም። ከኖረም ስጦታ ሳይሆን ብድር ይሁን፣ ሁለት ዋስ ይጥራ፣ ብሩ ለእሱም ለሚስቱም በእጅ አይሰጥ። ገንዘብ ያዡ በቀጥታ ለሚያክመው ተቋም ይክፈል፣ ደረሰኙ ይምጣ። ይህ ደግሞ ለእሱም ይጠቅመዋል። ሱስ ላይ ያለ ሰው ኪሱ ውስጥ ብር ይዞ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ እስኪሞላ እንዲጠብቅ አታድርጉት።

ባለቤቱ ነኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ያነበበው እሱም አብሮኝ ነው። ምንም አላለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ቅሬው እሺ ብሎ እሱ በመጨረሻ እምቢ ቢል "አሳፈርሽን" እንዳትሉኝ። እናቱም እኔም ለምነን ለምነን ደክሞናል። አላስገድደውም። በሩ ክፍት መሆኑን ግን ይወቅ።

የቅሬው ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ማንም አይልሽም። ለእሁድ የማቀርበው ይህን ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም "ተኝቶ መታከም አለበት" ለተባለ አባል፣ ራሱ ከፈቀደ፣ በሁለት ዋስ ብድር ይሰጠው። ክፍያው በቀጥታ ለተቋሙ ይሁን። መክፈል የሚጀምረው ከተመለሰ 3 ወር በኋላ ይሁን። እምቢ ካለም ውሳኔው አይሻር፣ ሐሳቡን ሲቀይር እንደገና ስብሰባ ሳንጠራ ይጠቀምበት። የለስላሳውና የውሃውም አንቀጽ ይግባ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። የተበዳሪው ስም ለጠቅላላ አባላት ይነገር ወይስ በቅሬው ዳኛ፣ በገንዘብ ያዡና በእኔ መካከል ይቅር? እኔ ሦስታችን ዘንድ ይቅር ባይ ነኝ።

የገራዶው፦
ለማን እንዳበደርኩ ሳላውቅ ብር አላበድርም። እሁድ እንገናኝ።