የቻይና የሳል ሽሮፕ ለምትጠቀሙ

ሰላም ለሁላችሁ። ቻይና ጓንግዡ ያለችው እህታችን «ጎረቤቴ ለሳሌ የሰጠችኝ ሽሮፕ ምንድን ነው? ልጠጣው ወይ?» ብላ ለጠየቀችው እዚሁ ልመልስ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል።

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ጎረቤትሽ የሰጠችሽ ወፍራም ጥቁር ሽሮፕ ፔይ ፓ ኮዋ ይመስለኛል። ሎኳት የሚባል የፍሬ ዛፍ ቅጠል፣ ቹዋን ቤይ የሚባል ሽንኩርት መሳይ የተራራ ሥር፣ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥርና ማር አለበት። ሜንቶልም አለው። ስትውጪው ጉሮሮሽን ቀዝቀዝ የሚያደርገው ሜንቶሉ ነው። ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ግን ማሩ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለጉንፋን ሳል መጀመሪያ ማር ይሞከር ብሏል። በቅጠሎቹና በሥሮቹ ላይ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽና ደካማ ናቸው።

እንዲህ ስል የቻይና መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ማ ኋንግ ከሚባለው ተክል በ1885 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፌድሪን የሳንባን ቧንቧ በእርግጥ ይከፍታል። ልብንም ያስሮጣል፣ ግፊትም ይጨምራል። አሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ኤፌድራ (ማ ኋንግ ማለት ነው) ያለባቸውን ሰፕልመንቶች ያገደችው ለዚህ ነው።

«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ስንባባል በጣም ነው የምሰጋው። ማ ዶ ሊንግ የሚባል ለሳል የሚሰጥ ፍሬ አለ። ውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊት ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል። ቻይና ራሷ በ2020 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት መዝገቧ አውጥታዋለች። ስሙን ካየሽ አትንኪው።

ዱባይና ሪያድ ላሉ ዘመዶቻችሁ የምትልኩ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ቺያንግ ሊ ፒ ፓ ሉ የሚባለው ሽሮፕ ስሙ ከፔይ ፓ ኮዋ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ኦፒየም የሚወጣበት ተክል ቅርፊት አለበት። ሞርፊንና ኮዴይን ማለት ነው። እዚያ አገር ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ የለም። በሰው ሻንጣ አትላኩ፣ በተለይ ምንም ሳታውቅ ተቀብላ በምትይዝ ልጅ እጅ።

ደም ግፊት ያለባችሁ ሊኮሪስ ያለበትን አታዘውትሩ፤ ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር በጭራሽ አይሰጥም።

እህቴ፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ማታ ማታ ካላበሽ ወይም አክታሽ ላይ ደም ካየሽ ሽሮፑን ተዪውና ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ቲቢም ይመርመር። ለአሁኑ የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን። ቻይንኛ የሚያነቡ ተማሪዎች እዚህ ስላሉ የተጻፈውን አንድ በአንድ ያነቡልሻል።