የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መፍጫ ፓምፕ አልቆም ስላለኝ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ከመጸዳጃው መቀመጫ ጀርባ የተገጠመው፣ ቆሻሻውን ፈጭቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ፣ ውሃ ከተለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መቆም ሲገባው፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ሶኬቱን እስክነቅለው ድረስ አያቆምም። የውሃ ማጠራቀሚያው እያፈሰሰ እንደሆነ ለማወቅ የምግብ ቀለም ጨምሬበት ግማሽ ሰዓት ብጠብቅም፣ መቀመጫው ውስጥ ምንም ቀለም አልታየም። ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ስከፍት ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ስለዚህ መውጫው ተዘግቷል ብዬ አላምንም። የምጠረጥረው የውሃውን ከፍታ በአየር ግፊት የሚለየውን ስስ የጎማ ሽፋንና ከላዩ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ወደ ሽፋኑ የሚያደርሰው የአየር መተላለፊያ በነጭ የኖራ ቅርፊት ተሞልቷል። ሞተሩ እጅግ ስለሚግል እንዳይቃጠልብኝ ሠግቻለሁ። ቅርፊቱን በሆምጣጤ ባሟሟው ጎማውን ይጎዳው ይሆን? ወይስ ሽፋኑንና ማብሪያ ማጥፊያውን አብሮ መቀየር ይሻላል? ሥራውን የምታውቁ ብትመሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።